ቤተልሔም ደጃፋችን እያለች ብቃትን ከወረቀት ፈለግን

የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ሆይ፤ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምን ትችላለህ?

ምን ተማርክ አላልኩም። ስንት አመጣህ፣ ደረጃ ስንት ላይ ነህ አላልኩም። እጅህ ምን ይችላል? ይህን ጥያቄ በዕድሜህ ስንት ሰው ጠይቆህ ያውቃል? ቀበሌው አልጠየቀህም። ወረዳው አልጠየቀህም። ኮሌጁም ሲመዘግብህ አልጠየቀህም። ሁሉም ያለህ አንድ ቃል ነው፤ «ወረቀት አምጣ»።

ወረቀቱን ደግሞ እንዴት እንደሚሰጡን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገሪቱ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ቀሪው ጥቂቱ በሪሚዲያል ተሞከረ፤ ብዙው «ወደቀ» ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኘ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ምንም ሳይማር ይቀመጣል? አይቀመጥም። የሚችለው ነገር አለ። ያንን የሚለካለት ግን የለም። የሚለካው የማይችለው ብቻ ነው።

አሁን አንዳንዱ «መፍትሔውማ አለ፣ ቴክኒክና ሙያ ይግባ» ይለኛል። ጥሩ፤ እሱን እናውራ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርህ። በወረቀት ላይ የዚች አገር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በዓለም ደረጃ የሚያስቀና ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ሥልጠናውን በሰዓት መቁጠር ይቅር፣ በብቃት ይለካ ብሎ ወስኗል። ለየሙያው የሙያ ደረጃ ተዘጋጀ። ሙያው በትንንሽ የብቃት አሃድ ተከፋፈለ። ብቃቱን ከየትም ብታመጣው፣ ከኮሌጅ፣ ከጋራዥ፣ ከአባትህ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ቀርበህ ተመዝነህ ማረጋገጫ ትወስዳለህ ተባለ። ያ ነው ሰው ሁሉ «ሲኦሲ» እያለ የሚጠራው። መዛኙ አሠልጣኝህ እንዳይሆን ተደነገገ። ሥልጠናው ሰባ በመቶ ድርጅት ውስጥ፣ ሠላሳ በመቶ ኮሌጅ ውስጥ ይሁን ተባለ። ከሁሉ የምወደው ግን በምዘናው ቋንቋ «ወደቀ» የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። ወይ ብቁ ነህ፣ ወይ ገና ብቁ አልሆንክም። ገና! ይቺን ቃል ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታዲያ መሬት ላይ ምን ሆነ?

አንድ የስማዳ ልጅ አውቃለሁ። ስሙንም፣ የተመዘገበበትን ቦታም አልጽፍም። ከተማ ወጥቶ ብየዳ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቷል። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የጣራ ብረት ያያይዛል። አገሩ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ልሥራ ሲል «የደረጃ ወረቀት አለህ?» ተባለ። የለውም። «እንግዲያው ተመዝገብና ከደረጃ አንድ ጀምር»። እሺ ብሎ ተመዘገበ። አሠልጣኙ ኤሌክትሮድ እንዴት እንደሚያዝ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሥላል፤ የብየዳ ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል። ልጁ በእረፍት ሰዓት ማሽኑን ፈትቶ ጠግኖ አስረከባቸው። አመሰገኑት። ከዚያስ? ከዚያማ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዓቱ መሙላት አለበታ! በሦስተኛው ወር ትቶ ሄደ። ማሽኑ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል አሉ።

በሽታው ይሄ ነው። በብቃት እንለካለን ብለን አወጅን፤ ሰዓት መቁጠሩን ግን አልተውንም። የድሮውን ትምህርት እንዳለ አስቀምጠን መጨረሻው ላይ አንድ ፈተና ለጠፍንበት። ሰባ በመቶው ድርጅት ውስጥ ይሁን ተባለ፤ ወገዳ ላይ፣ አርብ ገበያ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ስንት ጋራዥ፣ ስንት ፋብሪካ አለ ብሎ የጠየቀ የለም። ሠልጣኙ የልምምድ ቅጹን አስሞልቶ ይመለሳል። በቅጹ ላይ ሁሉም ብቁ ነው። ምዘናው ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ቀድሞ ተሸምድዷል። ዩኒቨርሲቲውም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥ በአገር ደረጃ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ሦስት አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ኮርሱን ሁሉ «አልፎ»፣ በር ላይ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ማን ነበር የሚያሳልፈው? ማን ነበር የሚፈርመው?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ ይህን ነገር ከማንም በፊት እናውቀው ነበርና ነው የሚያናድደኝ።

ታች ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች። የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የዜማ ተማሪ ድጓን ከጎጃምም ይማረው ከወሎ፣ ከየትኛውም መምህር እግር ሥር ይቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ቤተልሔም መጥቶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ይሄዳል፤ እሷም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ናት። አቋቋም ከሆነ ጎንደር በአታ። እስቲ አስተውለው። የት ተማርክ ብሎ የሚመልሰው የለም። ስንት ዓመት ፈጀብህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቁጭ በል፣ አሰማን ነው። የሳተውን ያርሙታል፤ እንደገና ይሄድበታል። ከበቃ መምህር ይሆናል። ካልበቃ «ወደቀ» ተብሎ አይባረርም፤ ገና ነውና እዚያው ይቀመጣል። አንዱ በአራት ዓመት ይጨርሳል፣ ሌላው በስምንት። ሲወጡ ግን ሁለቱም ድጓውን ያውቁታል። በወረቀት አምሳ የሆነ ዕውቀት ይዞ፣ ግማሹን እያዜመ ግማሹን እየዘለለ፣ «አልፌያለሁ» ብሎ ማሕሌት የሚቆም የለም።

ሌላም አለ። ቀድሞ የገባው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ሳያውቀው ማስተማር ይማራል። መምህሩ አንድ ሰው ሆኖ መቶ ተማሪ የሚይዘው በዚህ ነው። ዛሬ አሠልጣኝ አነሰን እያለ የሚያለቅስ ኮሌጅ ሁሉ ይህን ቢያስብበት ምን ነበረበት?

«አንተ ደግሞ፣ የቆሎ ተማሪን ኑሮ ልታስናፍቀን ነው?» እንዳትለኝ። ቁራሽ መለመኑን፣ የውሻ ንክሻውን፣ እከኩን፣ በረሃብና በበሽታ መንገድ የቀረውን አውቃለሁ። ሴት ልጅ ከጥቂቶች በቀር በዚያ በር እንዳልገባችም አውቃለሁ፤ እኅቶቻችን ዛሬም በሌላ መልክ በር ላይ ናቸው። መከራውን መልሱልኝ አላልኩም። መለኪያውን ነው የምለው።

ፈረንጆቹ ይህን ዛሬ አዲስ ነገር አድርገው ያወሩታል። ትምህርትን በተቀመጡበት ሰዓት መቁጠር የተለመደው አሜሪካ ውስጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ካርኔጊ የሚባለው ተቋም ለመምህራን ጡረታ መስፈርት ሲያወጣ ነው። ክሬዲት አወር የምንለው የዚያ ልጅ ነው። መቶ ዓመት ሳይሞላ ራሳቸው ሰለቻቸው። በ1997 እንደ እነሱ አቆጣጠር የምዕራብ ግዛቶቻቸው ገዥዎች ተሰብስበው ዌስተርን ገቨርነርስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ተማሪው ለስድስት ወር አንድ ክፍያ ይከፍላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻለውን ያህል ኮርስ ብቃቱን እያሳየ ይጨርሳል። ሥራ ላይ የቆየ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለመስማት ወንበር ላይ አይቀመጥም። እኛ የሰለቻቸውን ክሬዲት አወር አንስተን ይዘናል፤ የያዙት ነገር ደግሞ ቤተልሔም ተቀምጧል።

አሁን በዙሪያህ ያለውን ሰው ተመልከት። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት የእኛ ሰው ተራራ ለተራራ እርከን ሲሠራ፣ ድንጋይ ሲክብ፣ መንገድ ሲጠርግ ኖረ። የውኃ ልክ በኤ-ፍሬም የሚለካ፣ ጎርፍ የት እንደሚሰበር በዓይኑ የሚያውቅ ሰው በየቀበሌው አለ። ይህ ሰው በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ደረጃ ሁለት፣ ደረጃ ሦስት የማይመዘነው ለምንድነው? ደመወዙን በስንዴና በዘይት ተቀበለ፤ ሙያውን ግን ማንም አልመዘገበለትም። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማና ሁመራ የወረደው፣ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ብረት ያሰረው፣ ዓረብ አገር የሰው ቤት ያስተዳደረችው እኅታችን፤ ሁሉም ሲመለሱ በመዝገብ ላይ «ሥራ አጥ» ናቸው። የምትችል ልጅ ምንም እንደማትችል ተቆጠረች።

የጦርነቱን ነገርም ሳልነካ አላልፍም። በ2013 ነሐሴ ንፋስ መውጫ ተይዛ ምን እንደደረሰባት ታውቃለህ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ዛሬ አልጽፈውም። አሁን የምለው ሌላ ነው። ሥልጠናው መሃል ላይ የተቋረጠበት ልጅ ነገ ተመልሶ ሲመጣ «ባችህ አልፏል፣ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ከመጀመሪያው ጀምር» ይባላል። የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ እንደገና አይጀምርም፣ ይሄዳል። ሥርዓቱ በእርግጥ በብቃት ቢሆን ግን የጨረሳቸው አሃዶች የእሱ ናቸው። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱን አሳይቷል፤ ስድስተኛውን ይቀጥላል። ጦርነት ዓመቱን ሊወስድበት ይችላል፤ እጁ ላይ ያለውን ግን አይወስድበትም። በሰላም አገር ይህ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ በእኛ አገር የአንድ ትውልድ ጉዳይ ነው።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ እውነትም አለበት። ብቃት ተኮር የሚባለው ነገር ዝም ብሎ ቅጽ ላይ የራይት ምልክት ማድረግ ሊሆን ይችላል። «ሚስማር መምታት ይችላል፣ ራይት። መጋዝ መያዝ ይችላል፣ ራይት።» ሰውየው ግን ወንበር መሥራት አይችልም። ልክ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ከድሮው አይሻልም። ለዚህም መልሱ ቅኔ ቤት አለ። የቅኔ ተማሪ አገባቡን ስለሸመደደ አይመረቅም። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ዘርፎ ነው የሚታወቀው። አናጺው ሙሉ ወንበር ሠርቶ ያምጣ፤ አሥር ሰው ይቀመጥበት።

ከመንግሥት በፊት ደግሞ ራሳችንን እንውቀስ። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ»፣ ሸክላ ሠሪዋን በስሟ ሳይሆን በስድብ የጠራን እኛ ነን። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ ሲያሠሩ የአገር ልጆችን አብረው አስቀምጠው ነበር፤ ሙያው እንዲወረስ። ሴባስቶፖል በጋይንት አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ፣ መንፈቅ ያህል እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። መንገዱን የቆፈረው፣ ገመዱን የሳበው የእኛ ቅድመ አያት ነው። ጋፋት ግን ተተኪ አላገኘችም። ንጉሡ ሲሞቱ እጀ ብልሃተኛው ወደ ስድቡ ተመለሰ። ዛሬም ልጃችን ብየዳ ሲማር «ፈተና ስለወደቀ ነው» ብለን እናፍርበታለን። ከዚያ ኮሌጁ ለምን የወደቁ መጣያ ሆነ ብለን እንገረማለን። ማን አደረገው?

ስለዚህ ወረዳው ወጣቱን ለስብሰባ ሲጠራህ አበሉን ተቀብለህ ዝም ብለህ አትውጣ። እጅህን አንሣ። ከየትም የመጣ ባለሙያ ሳይሠለጥን ቀጥታ የሚመዘንበት ቀን በዚህ ዓመት መቼ ነው በል። ስትራቴጂው ፈቅዶልሃል፤ ልመና አይደለም። መዛኞቹ ወደ ወገዳና አርብ ገበያ ይመጣሉ ወይስ ገበሬው የሥራ ቀኑን ትቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይወርዳል በል። ያቋረጡ ሠልጣኞች የጨረሱት አሃድ ተመዝግቦ ተቀምጧል ወይ፣ መዝገቡ የት ነው ብለህ ጠይቅ። ጋራዥ በሌለበት ወረዳ ሰባ በመቶውን የት እንደሚያሠለጥኑ ይንገሩህ። የሠፈርህን ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭ ከነሙያው አሠልጣኝ አድርገው ቢቀጥሩት ምን ይከለክላቸዋል? መልስ ከሌላቸው መልስ የለንም ይበሉ፤ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

እስከዚያው ከዚህ ጽሑፍ ሥር የምትችለውን ሙያና ስንት ዓመት እንደሠራህበት ጻፍልን። ወረዳህን ጨምርበት። አንቺም እኅቴ ጻፊ። ወረቀት አላችሁ ወይ ብለን አንጠይቃችሁም።