በዋጋው ሳይሆን በጣዕሙ

ለእንግዳ ክብር ሲባል ውድ ወይን ጠጅ ገዝቶ የልጆችን ቀለብ ማጉደል ደግነት አይደለም። በፈረንሳይ አገር፣ በቦርዶ አውራጃ፣ ከሁሉ በዝቶ የተተከለው ሜርሎ የሚባለው ጥቁር የወይን ዘር ነው። ካቤርኔ ከሚባለው ዘር ቀድሞ የሚበስልና ጣዕሙ የለዘበ ስለ ሆነ፣ ሜርሎ የሚበዛበት ርካሹ ቀይ ወይን ጠጅ ብዙ ዓመት ሳይቀመጥ ይጠጣል።

ሲመረምሩትም ሦስት ምስክሮች ይጥሩ፤ እነርሱም ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ናቸው። መልኩ የጠራ፣ ሽታው ፕሪም ፕሪም የሚል ይሁን። ኮምጣጤ ወይም የሻገተ ካርቶን ከሸተተ ግን ተበላሽቷል። ሲጎነጩት ድድን በጥቂቱ ቢያደርቅ ነውር የለበትም፤ ምሬቱ የፍሬውን ጣዕም እንዳይሸፍነው ብቻ ነው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሆኖ ይቅረብ፤ ሙቀት ሲበዛበት አልኮሉ ጎልቶ ይሸታልና።

ሦስቱ ምስክሮች ከተስማሙ፣ ዋጋው ስላነሰ ብቻ አይፍረዱበት። ፍርድ በምስክር ነውና።