ሳተላይት ይጠቁማል፤ ማሳውን የሚያረጋግጠው ግን ሰው ነው

የሰብል ተባዮችንና በሽታዎችን በሳተላይት ከርቀት መከታተል ይቻላል የሚለው አሳብ እየተስፋፋ መጥቷል። ከዚህም የተነሣ «ምስሉ ካለ የማሳ አሰሳ ወጪ ይቀነስ» የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። እኛ በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንንም ከወረባቦ ወረዳ፣ ከቢስቲማና ከአካባቢዋ ሁኔታ ጋር አያይዘን እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፣ ሳተላይት ተባዩን ራሱን አያይም። የሚያየው ከቅጠል ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ነው። ጤናማ ቅጠል ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ የተጎዳ ሰብል ግን ያነሰ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ማሽላን አገዳ ቆርቁርም፣ አቀንጭራም፣ የዝናብ እጥረትም፣ የአፈር ለምነት ማነስም ይጎዱታል። ከሰማይ ሲታዩ ጉዳታቸው ይመሳሰላል፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። አገዳውን ሰንጥቆ ትሉን ሳያይ ኬሚካል የሚያስረጭ ሠራተኛ የገበሬውን ገንዘብ ያባክናል፤ ችግሩም ባለበት ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት የማሳው ስፋትና የአየሩ ጠባይ ነው። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል አንድ ነጥብ፣ ጥራቱ ከፍተኛ ሲሆን፣ በመሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። በእርከን በተከፋፈለ ጠባብ ማሳ ይህ ነጥብ ማሽላውን ከድንበሩ ሣርና ቁጥቋጦ ጋር ይቀላቅለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሰብሉ ገና ለጋ ሳለ ደመናው ምስሉን ይጋርደዋል።

ታዲያ ሳተላይት ጥቅም የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በበረሃ አንበጣ ላይ ነው። ወረዳው ከአፋር ቆላ ጋር ይዋሰናል። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን በርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይጥላል፤ የተፈለፈለው ኩብኩባም መብረር እስኪችል ድረስ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወር ያህል ይቆያል። ሳተላይት ዝናብ ያገኘውንና የለመለመውን በረሃ ስለሚያሳይ፣ አሳሾች ወዴት መሄድ እንዳለባቸው በጊዜ ያውቃሉ። ጊዜው ካለፈ ምን እንደሚከተል በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይቷል። መንጋው በምሥራቅ አማራ ለአጨዳ በተቃረበ ማሽላና ጤፍ ላይ ወርዶ የዓመት ልፋት አጥፍቷል። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በቀን ቢያንስ የ35,000 ሰው ምግብ ሊበላ ይችላል። ሆኖም የለመለመ ስፍራ ሁሉ አንበጣ አለበት ማለት አይደለም፤ ሄዶ ማየት ግድ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሳተላይት መረጃ ሲደርሳቸው አስቀድመው የሚጎበኙትን ማሳ ይምረጡበት፤ ርጭት ግን በእርሱ ብቻ አይዘዝ።

2. የኅብረት ሥራ ማኅበራት በየጎጡ ማሳ የሚያስሱ አባላት ይመድቡ። እነርሱም ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባዩን ዓይነትና የጉዳቱን ስፋት መዝግበው ለጣቢያው ያስረክቡ።

3. «አሰስን፣ ምንም አላገኘንም» የሚለው ሪፖርትም ይላክ። ምስሉ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ጭምር ነው።

4. ለአሰሳ የተመደበ የመጓጓዣ ገንዘብ በምስል ምክንያት አይቀነስ።

ምስሉ ሠራተኛው የሚደክምበትን መንገድ ያሳጥርለታል እንጂ በእርሱ ቦታ ሊተካ አይችልም። የማሳ አሰሳው ከቀረ፣ ከሰማይ የመጣው ማስጠንቀቂያ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ገበሬው ነው።