የባንኮች ውህደት ወሬና የባለአክሲዮኑ ጥያቄ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጓል፤ ነባር ባንኮችም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ጊዜ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ የውህደት ወሬ አልበረደም። ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው የ2017ቱ አዋጅም ወሬውን አጠናክሮታል።

ጉዳዩ በጊኒር፣ በሮቤና በጎባም ሰውን ሁሉ እኩል አይነካም። ስንዴውን ሸጦ ገንዘቡን ያስቀመጠ ገበሬ ባንኩ ቢዋሐድ ተቀማጩ ወደ ተዋሐደው ባንክ ይሻገራል። በግሉ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል አክሲዮን የያዘው ግን ሌላ ጥያቄ አለው፦ አክሲዮኑ በአዲሱ ባንክ በስንት ይመነዘራል?

የምንዛሪው ክብደት በኮምፒዩተር አምራቾች ታይቷል። ሒውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ኮምፓክን ለመጠቅለል ሲስማማ፣ ለአንድ የኮምፓክ አክሲዮን 0.6325 የራሱን አክሲዮን ሊሰጥ ነበር። ዜናው እንደተሰማ የሒውሌት ፓካርድ አክሲዮን በአንድ ቀን 18 በመቶ ያህል ወረደ። ባለሀብቶች ቅሬታቸውን በገበያ ዋጋ ገለጹ።

በኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ቢከፈትም፣ የአብዛኞቹ ባንኮች አክሲዮን የዕለት ዋጋ አይወጣለትም። ስለዚህ የባለአክሲዮኑ መለኪያ የኦዲት ሪፖርቱ፣ መናገሪያውም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በማኅበር የታቀፈ ገበሬ ደግሞ ድምፁ የሚሰማው በወኪሉ በኩል በመሆኑ፣ ስለ ምንዛሪው መጠየቅ ያለበት ወኪሉ ወደ ጉባኤው ከመሄዱ በፊት ነው። ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ምንዛሪውን አይለውጠውም።