ፎርማት ይደረግ ባዮች

ከ«ፎርማት ይደረግ» ባዮች ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስጽፍ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለሙያ የሆንከው?» ብሎ የተቆጣኝ ነበር። ባለሙያ አይደለሁም። ዓይን ግን አለኝ፤ ሶኬት መንቀልም አያቅተኝም። በዚህ ሳምንት አጋሮ ያየሁት ነገር ባይኖር ኖሮ ጠቡን ለክረምት ልተወው አስቤ ነበር።

የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ነው። ኮምፒውተሩ ከዊንዶውስ 7 ዘመን የቀረ ጎምቱ ነው፤ ጠረጴዛውን ለብቻው ይዞታል። ማታ መብራት ሄዶ፣ መጥቶ፣ እንደገና ሄዶ ይመጣል። ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ ስትከፍተው ስክሪኑ በርቷል፤ ማውሱ፣ ኪቦርዱ፣ ፕሪንተሩና ፍላሹ ግን ሁሉም ዝም! ባለሙያ ተጠራ። ነካ ነካ አደረገና «ወይ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ወይ ፎርማት ይደረግ» አለ። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ኮምፒውተሩን ይዛ «የስንት ገበሬ እሸት ነው እኮ እዚህ ውስጥ ያለው!» አለች። ማን ስንት ኪሎ እንዳስረከበ፣ ማን ቀብድ እንደወሰደ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። (ስለዚህኛው ጥፋት ሌላ ቀን እንጣላለን።)

እስኪ አስቡት። አራት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ሌሊት ተማክረው አይሞቱም። አብረው ከጠፉ ጥፋቱ የጋራቸው የሆነ ቦታ ላይ ነው፤ ይህን ለመጠርጠር ዲግሪ አያስፈልግም። ዩኤስቢ መረጃ ብቻ አያመላልስም፤ 5 ቮልት ኤሌክትሪክም ያድላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ ዕቃ የሚመድበው እስከ 500 ሚሊአምፒር ነው። ከዚያ በላይ የሚስብ ወይም ሾርት ያደረገ ነገር ሲሰካ መከላከያው ይዘጋል። ሌላም ነገር አለ፦ ኮምፒውተሩን «አጠፋሁት» ስንል ብዙ ጊዜ አላጠፋነውም። ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ማዘርቦርዱ ላይ ያድራል። ቢሮ ዘግታችሁ ስትወጡ ማውሱ ሆድ ሥር በርታ የምትቀረው ቀይ መብራት ከዚያ ነው የምትቀለበው። መብራት እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ የዩኤስቢው ተቆጣጣሪ ይደናገርና በዚያው ይቀራል። ሪስታርት ቢያደርጉት ኤሌክትሪኩ ስላልተቋረጠ ላይነቃ ይችላል።

ሁለተኛ የተጠራው ልጅ የሰፈሩ ነው፤ ሱቅ የለውም። የተሰካውን ሁሉ ነቀለ። የኮምፒውተሩን ገመድ ከዲቫይደሩ አወጣ። ማብሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ያዘ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቡናውን ጠጣ። ሲመለስ መጀመሪያ ኪቦርዱን ብቻ፣ ያውም ከኋላ ሰካ፤ የፊቱ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄድ ስለሆነ ቶሎ የሚላላው እሱ ነው። ኪቦርዱ ሠራ። ማውሱ ሠራ። ፕሪንተሩ ሠራ። ፍላሹን ሲሰካ ግን ፍላሹም አልታይ አለ፣ ከጎኑ የነበረው ማውስም አብሮ ጠፋ። በብዙ አሮጌ ማዘርቦርዶች ጎረቤት ቀዳዳዎች አንድ መከላከያ ይጋራሉ። ልጁ ፍላሹን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። አፉ ተጣሟል፤ ውስጡ የጀንፈል አቧራ ጠቅጥቆበታል። ጥፋተኛው ተያዘ።

ፎርማት ቢደረግ ምን ይፈይድ ነበር? የፍላሹ አፍ አይቃና። ጭራሽ ሌላ ጣጣ ነበረው። ዊንዶውስ 7 ሰማያዊውን የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ በራሱ አያውቀውም፤ ሾፌሩን፣ ማለትም ድራይቨሩን፣ ለብቻ መጫን ይፈልጋል። ስለዚህ ትናንት ሲሠራ የነበረ ሰማያዊ ቀዳዳ ከፎርማት በኋላ ድርቅ ይላል። ያን ጊዜ ባለሙያው ራሱን ነቅንቆ «አላልኳችሁም? ማዘርቦርዱ ሄዷል» ይላል። ስንት ደህና ኮምፒውተር በዚህ መንገድ ለቁራሌው እንደተሸጠ እግዜር ይወቀው።

ዘመኑ የላፕቶፕ ነው፣ አሮጌውን ጣሉት የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ገዝታችሁ ስጡንና እንጥላለን።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። ሥራው ሲያልቅ ሒሳብ ሠራተኛዋ ልጁን «ስንት ነው?» አለችው። «ኧረ ምንም አልሠራሁም እኮ፣ እትዬ» አለና አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩም ቀበል አድርገው «እውነቱን ነው፤ ሶኬት መንቀል ምን ሥራ አለው?» አሉ። ሴትዮዋ ግን የዋዛ አይደለችም። የዓመት መዝገቧ የተረፈላት ናትና ሳይከፈለው አይሄድም አለች። ክርክሩ ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ ወደሚለው ዞረ። «ለምርመራ» ቢባል ኦዲተር አይቀበለውም ተባለ። «ሶኬት ለመንቀል» ቢባል መሳቂያ ነው። በመጨረሻ ምን ተጻፈ መሰላችሁ? «የኮምፒውተር ፎርማት»። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ሳያሹ ፈረሙበት።

እዚያው ሳቅሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ወደ ጅማ ስመለስ ግን ሳቁ ወደ ብስጭት ተለወጠ። እስከ ዛሬ የምጣላው ከባለሱቆቹ ጋር ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቀው፣ ሥራ አጥተው፣ መርካቶ አንዲት ጠባብ ሱቅ የተከራዩ ልጆች ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጠው፣ አንዱን ነቅለው ሌላውን ሰክተው ጥፋቱን ቢያገኙ የሚከፍላቸው የለም። ፎርማት ካደረጉ ግን ዋጋው የታወቀ ነው፤ ማንም አይከራከርም። የምንከፍለው ለፎርማት ብቻ ከሆነ የሚሸጡልንም ፎርማት ነው።

ይህ ደግሞ የሚገርመው የእኛው አገር ላይ መሆኑ ነው። የቡና ቀማሽን ሥራ ያላየ የጅማ ሰው የለም። ስኒዎቹ ይደረደራሉ፤ ቀማሹ በማንኪያ ጨልፎ በድምፅ ይስባል፣ አፉ ውስጥ ያዘዋውራል፣ ይተፋል። አይውጠውም እንኳ! ከዚያ ቁጥር ይናገራል። በደረጃ አወጣጡ ከ100 ነጥብ 60ው ከስኒው የሚመጣ ነው፤ 40ው ከጥሬው መልክ። በዚያች ትፍታ የአንድ መኪና ቡና ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ «አንተማ ቀመስክ እንጂ ምን ሠራህ?» ብሎ ደመወዙን የሚከለክለው ግን የለም። ምላሱ ለዓመታት የተገራ መሆኑን እናውቃለን። የኮምፒውተር ልጁ ዓይንም እንዲሁ የተገራ ነው፤ ለእሱ ግን ቡና ጋብዘን እንሸኘዋለን።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸውላችሁ። ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶች፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ ለመታየት ብቻ ክፈሉ። ሱቆችም በር ላይ ዋጋውን ለጥፉ፤ ጥፋቱ ተገኘም አልተገኘም ይከፈል። ያን ጊዜ ልጆቹ ለማየት ይቸኩላሉ እንጂ ለማጥፋት አይቸኩሉም።

የጥቅምት እሸት ግዢ ከመጀመሩ በፊት ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችንም ልጠቁም። ኮምፒውተራችሁ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ (እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ዘግይተናል፤ የእናንተው ከእኛም ሊዘገይ ይችላል) ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች፤ አስቀይሯት። ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌ ኪቦርድና ማውስ ካላችሁ አትጣሉ። ኪቦርዱ ሐምራዊው፣ ማውሱ አረንጓዴው ላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ይሰካል፤ ዩኤስቢው በሙሉ ቢያኮርፍ እንኳ በእነሱ ፋይላችሁን ታድናላችሁ። ፍላሽ ውስጥ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ከታየ ቫይረስ ነው፤ ፋይሉ ግን ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጎረቤታችን 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ግድብ ነው፤ ጎረቤትነቱ ግን ከመብራት መንቀጥቀጥ አላዳነንምና ማታ ስትወጡ ሶኬት ንቀሉ።

የአጋሮዋን ሴትዮ ያንን የተጣመመ ፍላሽ ጣይው ብላት እምቢ አለች። የአባቷ መንዙማ አለበት፤ ሌላ ቦታ አልተቀዳም። እንግዲያው ከፍቶ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊና ፋይሉ ባይወጣም ክፈይው አልኳት።

«ምን ብዬ?» አለችኝ።