የመስቀል ወፍ አገሩን አይለቅም

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚለውን ዘመድ «የመስቀል ወፍ» ብለን መውቀስ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ወፉ ራሱ የሚወቀስበት ጥፋት የለውም፤ ከኛ ዘንድ ርቆ አያውቅምና።

በሶዶ ጉራጌ፣ ከቡታጅራ በስተሰሜን በምትገኘው በጥያ ዙሪያ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ በረጅሙ ሣርና በማሳው ዳር፣ ጥቁሩን ከቢጫ ወይም ከቀይ ጋር አዋሕዶ የለበሰ፣ አንዳንዱም ከገላው የሚረዝም ጅራት የሚያስከትል ወንድ ወፍ ይታያል፤ «የመስቀል ወፍ» የሚለው ስም እንደየአገሩ ለልዩ ልዩ አዕዋፍ ቢሰጥም እኔ የምናገረው ስለነዚህ ነው። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፋል፤ ወንዱም እንደ ሴቲቱ ቡናማና ዥንጉርጉር ሆኖ እህል ከሚለቅመው መንጋ ጋር ይቀላቀላል፤ አላፊ አግዳሚውም ተራ ድንቢጥ መስሎት ያልፈዋል። ዲያቆን ለቅዳሴ የለበሰውን ልብሰ ተክህኖ ከቅዳሴ በኋላ አውልቆ በሰፈሩ እንደሚኖር፣ ይህም ወፍ ጌጡን ጥሎ ጥሬ ባለበት እየተዘዋወረ በዚሁ አገር ይከርማል።

ለውጡ የሚፈጸምበት ሥርዓት ጥልቅ ነው። አዕዋፍ የመዓልቱን ርዝመት የሚያውቁት በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን፣ የራስ ቅላቸውን ዘልቆ የሚገባውን ብርሃን በሚቀበሉ በአንጎላቸው ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ጭምር ነው፤ ለምድር ወገብ በቀረበው በኛ አገር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝናሙና የሣሩ ልምላሜም ምልክት ይሆኗቸዋል። ያን ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ሆርሞኗን ወደ ደም ትልካለች፤ አሮጌው ላባ ይወድቃል፣ አዲሱም በኅብረ ቀለም አጊጦ ይበቅላል። ኤሚል ዊትሺ የተባለ ሊቅ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ወገን በሆኑ አዕዋፍ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ የተኮላሸ ወንድ እንኳ ጌጡን ከመልበስ እንደማይቀር አስረድቷል፤ የምታለብሰው ያችው ዕጢ ናትና። ቀዩና ቢጫው ቀለም ግን መነሻው ከምግብ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ሣሩን የሚነጥቀው ሰው ልብሱንም ይነጥቀዋል።

እውነተኛዋ መንገደኛ ሌላ ናት። ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ በጥያ መስክ፣ በከብቶች እግር ሥር እየሮጠች፣ ጅራቷን እየነቀነቀች ዝንብ የምትለቅም፣ 17 ግራም ያህል የምትመዝን ደረተ ቢጫ ወፍ አለች፤ የተፈለፈለችው በአውሮፓ ወይም በእስያ ነው። ስትመጣ የደበዘዘች ናት፤ በበጋው ላባዋን በከፊል ለውጣ ትደምቃለች፤ ወደ መጋቢት ገደማም ያለ ዕረፍት እየበላች ከቆዳዋ ሥር ስብ ታከማቻለች። ታላቁን ምድረ በዳና ባሕሩን የምትሻገረው በዚህ ስንቅ ነው፤ ስንቁም የሚሰነቀው እኛ እንደ ባዶ መሬት በምንቆጥረው በርጥቡ ግጦሽ ላይ ነው።

ጥያ 36 ትክል ድንጋዮች አሏት፤ ከነዚህም 32ቱ ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው በአጥር ይጠበቃሉ፤ መጠበቃቸውም ተገቢ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሣር ግን ጠባቂ የለውም፤ ማረሻው ወደ ወንዙ ዳር ይገፋል፣ ባሕር ዛፉም ይከተለዋል። ገበሬውን አልወቅስም፤ መሬቱ ጠባብ፣ ልጆቹም ብዙ ናቸው። የምወቅሰው ድንጋዩን ቅርስ፣ በዙሪያው የሚኖረውን ሕያው ፍጥረት ግን ከንቱ አድርጎ የሚቆጥረውን የኛን የተማሩትን አስተሳሰብ ነው።

በዚሁ አገር የሚያልፈውን የአለም ገናን መንገድ ለማሠራት ገንዘቡን ያዋጣ ሕዝብ ይህን ለማቃናት አያንስም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የሚገባው የጉራጌ ተወላጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር መክሮ፣ በየወንዙ ዳር አንድ ሰቅ ሣር ጫጩቶቹ ከጎጇቸው እስኪወጡ፣ ይኸውም እስከ ኅዳር፣ ሳይታጨድና ሳይታረስ እንዲቆይ ቢያደርግ፣ ለባለ መሬቱም የሣሩን ዋጋ ቢከፍል፣ ወጪው ለአንድ ሰንጋ ከሚዋጣው የሚበልጥ አይመስለኝም። የጥያና የቡታጅራ መምህራንም የመጀመሪያው ወንድ ጌጡን ለብሶ የታየበትን፣ ያችም ደረተ ቢጫ የደረሰችበትንና የሄደችበትን ቀን ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ በአንድ መዝገብ እንዲጽፉ ያድርጉ፤ መዝገቡም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በግልባጭ ይላክ።