የሶፍት ቅርጫት፦ ከጉድጓድ ወደ ቆሼ የሚሻገር በሽታ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በምግብ ቤቶች፣ በቢሮዎችና በኪራይ ግቢዎች የመጸዳጃ በር ላይ ሶፍት ወደ ውስጥ መጣል ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ከመቀመጫው አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ክዳን የሌለው የፕላስቲክ ቅርጫት ይቀመጣል። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቤቴል ልማዱ እንደ ንጽሕና ደንብ ተቆጥሯል። የሚቀርቡለት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ወረቀት ቱቦ ይዘጋል፣ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፣ የማስመጠጫ ወጪ ያበዛል። ሦስቱም ምክንያቶች የሚሟሟውን ወረቀት ከማይሟሟው ጋር ያደባልቃሉ። ቅርጫቱ በበኩሉ ለሰገራ ተብሎ ከተቆፈረው ጉድጓድ ሰገራን አውጥቶ ወደ ሰው እጅ ያስተላልፋል። ስለዚህ ደንቡ አሁን ባለበት መልክ መቅረት አለበት።

የደንቡን ስሕተት ለማየት ከመጸዳጃው በታች ያለውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የከተማዋ የፍሳሽ መስመር ያልደረሰባቸው ብዙ ቤቶች ዛሬም የሚጠቀሙት በግቢ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ነው። በአግባቡ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ውሃ የማያሰርግ ሲሆን፣ ይዘቱ በሦስት ይከፈላል። ከላይ ቅባትና ቀላል ነገር ይንሳፈፋል፤ ከታች ዝቃጭ ይተኛል፤ በመካከል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ቀስ በቀስ ያብላላሉ። የመጸዳጃ ወረቀት ደግሞ ከእንጨት የሚገኝ ሴሉሎስ ነው። ውሃ ሲነካው ክሮቹን ያያዘው ትስስር ይላላል፣ ወረቀቱ ይበታተናል፣ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል፣ በጊዜ ብዛትም ይብላላል። በብዙ የኪራይ ግቢዎች ሴፕቲክ ታንክ እየተባለ የሚጠራው ግን ግድግዳው በከፊል ብቻ በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ነው። በዚያም ቢሆን የወረቀቱ ዕጣ አይለወጥም፤ እርጥበት እስካለ ድረስ ይፈርሳል።

ወረቀት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የገበታ ናፕኪን፣ የኩሽና ወረቀትና አንዳንድ የኪስና የፊት ሶፍቶች ሲረጥቡ እንዳይቀደዱ በፋብሪካ የማጠንከሪያ ሙጫ ይገባባቸዋል። ዓላማቸው ውሃን መቋቋም ነውና ጉድጓድ ውስጥም ይቋቋማሉ። እርጥብ መጥረጊያ፣ ማለትም ዋይፐስ፣ ከዚህ ይብሳል፤ ብዙው የፕላስቲክ ክር አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ዋይትቻፕል አካባቢ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ የተገኘው 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው ግግር የተሠራው ከምግብ ቅባት፣ ከእርጥብ መጥረጊያ፣ ከዳይፐርና ከመሰል ነገሮች ነበር። በኮልፌ ሱቆች ጥቅሉም፣ ናፕኪኑም፣ የኪሱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ። ቤት ውስጥም ጥቅሉ ሲያልቅ ናፕኪኑ ይተካዋል። ቱቦ ሲዘጋ ጥፋቱ በሁሉም ላይ በጅምላ የሚላከከው ለዚህ ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ እንደ ቤት በሚያገለግሉ መኪናዎች የሚጓዙ ሰዎች ከመኪናው ሥር ባለች አነስተኛ ጋን ፍሳሻቸውን ያጠራቅማሉ። ጋኗ የምትራገፈው በአንዲት ጠባብ ቧንቧ ስለሆነ ወረቀቱ ፈጥኖ ካልፈረሰ ትዘጋለች። ስለዚህ ወረቀት የሚመርጡት በጠርሙስ ሙከራ ነው፦ ጥቂት ቁራጭ ወረቀት ግማሽ ድረስ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ይጨመራል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ጥቂት ይናጣል። ወረቀቱ ወደ ደቃቅ ክር ከተበታተነ ለጋኗ ይሆናል፤ እንደ ጨርቅ ከተጠቀለለ አይሆንም። ለመኪና ጋን ተብሎ ልዩ ስም የተሰጠውና በውድ የሚሸጠው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከተራ ባለ አንድ ሽፋን ወረቀት ብልጫ የለውም። ይኸው ሙከራ በአንድ የውሃ ፕላስቲክ በማንኛውም የኮልፌ ግቢ ሊደረግ ይችላል። ውጤቱም ለኪስ የሚጠቅም ነው፤ ጉድጓድን የሚስማማው በአብዛኛው ስሱና ርካሹ እንጂ ባለ ሦስት ሽፋኑ ወፍራም ወረቀት አይደለም።

ወረቀት ጉድጓድ ይሞላል የሚለው ክርክር በቁጥር ሊፈተን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው፣ በፍራንሲስ፣ በፒክፎርድና በሪድ በተዘጋጀው የግቢ ንጽሕና መመሪያ፣ ውሃ ባለበት ጉድጓድ አንድ ሰው በዓመት የሚያጠራቅመው ዝቃጭ 40 ሊትር ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱ እንደ ወረቀት ያለ የሚበሰብስ መጥረጊያን ጨምሮ ነው። መጥረጊያው የማይበሰብስ ሲሆን መጠኑ ወደ 60 ሊትር ከፍ ይላል። ደረቅ በሆነ ጉድጓድ ደግሞ ቁጥሮቹ 60 እና 90 ሊትር ናቸው። ለዝቃጭ 2,400 ሊትር ቦታ ያለው ጉድጓድ ስድስት ሰው ቢጠቀምበት፣ በ40 ሊትር ስሌት 10 ዓመት፣ በ60 ሊትር ስሌት ከ7 ዓመት ያነሰ ጊዜ ያገለግላል። ዕድሜውን በአንድ ሦስተኛ የሚቀንሰው የማይበሰብሰው ነገር ነው። የሚበሰብሰው ወረቀት ከመጀመሪያውም በሒሳቡ ውስጥ የገባ ነው።

በተግባር ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ስሌት ቀድመው ይሞላሉ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ውሃው አይሰርግም። በክረምት የጎርፍና የከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። የልብስና የዕቃ እጣቢ በዚያው ይደፋል። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ የሚሞላው ውሃ ስለሆነ ሶፍትን በቅርጫት ማጠራቀም ቅንጣት አይረዳውም። የሚረዳው እጣቢውን መለየት፣ የጉድጓዱን አፍ ከጎርፍ ከፍ ማድረግና ማስረጊያውን ማስተካከል ነው።

የማስመጠጫ ወጪንም የሚያንረው ሌላ ነው። መጣጭ መኪና የሚሠራው አየርን ከጋኑ በማውጣትና ዝቃጩ በከባቢ አየር ግፊት ተገፍቶ እንዲወጣ በማድረግ ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ንጹሕ ውሃን 10 ሜትር ገደማ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ከ8 ሜትር አያልፍም፤ ለወፍራም ዝቃጭ ደግሞ ከዚህም በእጅጉ ያንሳል። እንዲህ ባለ ውስን አቅም ላይ ሞዴስ፣ ፓምፐርስ፣ ፌስታል፣ ጨርቅና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲጨመር የመምጠጫው ጎማ ይታነቃል። ሠራተኞች ቆሻሻውን በብረት ሜንጦ እያወጡ ግቢው ላይ ይከምሩታል፤ ወይም ላይ ላዩን ያለውን ፈሳሽ ብቻ መጥጠው ታችኛውን ትተው ይሄዳሉ። ባለቤቱ ለሙሉ ጉድጓድ ከፍሎ ግማሽ ጉድጓድ ያስመጥጣል። መኪናውም ከምዕራባዊቷ ኮልፌ ተነሥቶ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ ቃሊቲ ማራገፊያ ከተማዋን ማቋረጥ አለበትና እያንዳንዱ የከሸፈ ምልልስ ውድ ነው። የተበታተነ ወረቀት ከዝቃጩ ጋር በጎማው ያልፋል። ማስታወቂያው መከልከል የነበረበት እነዚያን የማያልፉትን ነገሮች ነበር።

የቅርጫቱ ጉዳት የሚጀምረው ከመጸዳጃው በር ውጪ ነው። በአዲስ አበባ የቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ማዳበሪያውን ይሸከማሉ፣ በጋሪ ይገፋሉ፣ ፕላስቲክና ብረቱን በእጃቸው ይለያሉ። ሰገራ የነካ ሶፍት በቀጭን ፌስታል ተቋጥሮ ከድንች ልጣጭና ከጠርሙስ ጋር ይደርሳቸዋል። ጓንት ቢኖራቸው እንኳ ፌስታሉ ሲቀደድ ክንድና ልብስ ላይ ይፈሳል። ከዚያ በፊትም ቅርጫቱ ዝንብ ይጠራል፣ ልጆች ይነኩታል፣ ውሻ ይጎትተዋል። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚተላለፉት ሰገራ በእጅ፣ በዝንብ፣ በምግብና በውሃ በኩል ወደ አፍ ሲደርስ ነው። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የተባለው፣ አዲስ አበባን ሲያስጨንቃት የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው ያሳሰቡት ሰገራን ከሰው መለየትን ነበር። ክዳን የሌለው ቅርጫት የዚህ ተቃራኒ ነው።

የጉዞው መጨረሻ ደግሞ ለኮልፌ ሩቅ አይደለም። የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጣልበት የኖረው ቆሼ፣ ማለትም ረጲ፣ በኮልፌ ቀራንዮና በንፋስ ስልክ ላፍቶ አዋሳኝ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሟቾቹ በክምሩ ሥር የሚኖሩና ኑሯቸውን ከእርሱ ጋር ያያዙ ድኾች ነበሩ። ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ ቆሻሻው ጣቢያው ከመድረሱ በፊት በሰው እጅና ትከሻ ያልፋል። የሰገራ ሶፍት በቅርጫት በተጠራቀመ ቁጥር፣ በኮልፌ አንድ ጫፍ ያለ ባለቤት ቱቦዬ ተረፈ ብሎ የላከውን በሽታ በሌላው ጫፍ ያለ ሰው ይቀበለዋል። ለዚህ ፍሳሽ ተብለው የተሠሩ ቦታዎች እያሉ ነው ይህ የሚሆነው። የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቆሼ ግን ሰገራን ለማከም አልተሠራም።

ለቅርጫቱ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ የውሃ እጥረት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጆግ የተደፋ ጥቂት ውሃ ወረቀትን ገፍቶ ላያሳልፍ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ቅርጫት አይደለም። ለመጸዳጃ የተለመደው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከተዘረጋ፣ ስስ ወረቀትን በአንድ ጊዜ በተደፋ ውሃ ያሳልፋል። እየቆየ የሚዘጋው ለእጅ መታጠቢያ የታሰበ ቀጭን ቱቦ የተገጠመለት፣ ዝቅታው የጠፋበት ወይም ብዙ ቦታ የታጠፈ መስመር ነው። እንዲህ ያለ ቤት የአሠራር ጉድለት አለበት፤ ባለቤቱም ማስታወቂያ ከመለጠፍ ቱቦውን ማስተካከል ይጠበቅበታል። እስኪስተካከል ድረስ ቅርጫት ግድ ከሆነ ክዳን ሊኖረው፣ በየቀኑ ሊነሣ፣ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ በድርብ ፌስታል ሊታሰርና ምንነቱ ለሰብሳቢዎቹ ሊነገር ይገባል። ቱቦና ማጠፊያ በሌለው ደረቅ ጉድጓድ ላይ ግን የመዘጋት ሥጋት ራሱ የለም፤ በዚያ ቅርጫት ማስቀመጥ ምንም ምክንያት የለውም።

ለውሃ እጥረቱ ሌላም መልስ በሰፈሩ አለ። ብዛት ያለው የኮልፌ ሙስሊም ነዋሪ ከመጸዳጃ በኋላ በውሃ ይታጠባል። አንድ ሊትር የማይሞላ ውሃ በቂ ነው፤ ወረቀትም ቅርጫትም አያስፈልግም። ቅድመ ሁኔታው እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ስለዚህ ከቅርጫት ይልቅ በየመጸዳጃው ሳሙናና በጀሪካን የተቀመጠ ውሃ መኖሩ ቢረጋገጥ የሕዝብ ጤና ይበልጥ ይጠበቅ ነበር።

ከቅርጫቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ልማድም አለ፤ ጉድጓድ ያጎድላሉ የተባሉ ዱቄትና ፈሳሾችን መጨመር። በደቡብ አፍሪካ የኳዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለገበያ የቀረቡ እንዲህ ያሉ ምርቶችን ፈትነው የዝቃጩን መጠን በሚታይ ሁኔታ የቀነሰ አላገኙም። በገፍ የሚደፋ በረኪና ደግሞ ዝቃጩን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ለእነዚህ የሚወጣው ገንዘብ በወቅቱ ለማስመጠጥ ቢውል ይሻላል። ለሴፕቲክ ታንክ ወቅቱ የሚባለው ተንሳፋፊውና ዝቃጩ ተደምረው የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዙ ነው።

ትክክለኛው ደንብ እንግዲህ አጭር ነው። በጠርሙስ ሙከራ የሚፈርስ የመጸዳጃ ወረቀት ወደ ጉድጓድ ይገባል። ሞዴስ፣ ፓምፐርስ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ናፕኪን፣ ጨርቅና ፌስታል ፈጽሞ አይገቡም፤ ለእነርሱ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ይቀመጣል፣ በተለይ ሴቶች በሚጠቀሙበት መጸዳጃ። በጋራ ሽንት ቤት በሚገለገሉ የቀበሌ ቤቶች ነዋሪዎች፣ በኮንዶሚኒየምም የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ማስታወቂያውን በዚሁ መሠረት መለወጥ አለባቸው። አምራቾችና አስመጪዎች ምርታቸው በውሃ የሚፈርስ መሆን አለመሆኑን በማሸጊያው ላይ በአማርኛ ይጻፉ፤ የአገሪቱ የደረጃዎች ተቋምም ይህን ግዴታ ያድርግ። የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መጣጭ መኪና በላከ ቁጥር የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን የሚያሳይ አንድ ገጽ በየግቢው ቢያድል፣ የመኪኖቹን ጎማ ከመታነቅ፣ ሰብሳቢዎቹንም ሰገራ ከመንካት ያድናል።