አይፎን የያዘ ሁሉ ስልክ የለውም

አዲስ አበባ ውስጥ «አይፎን ልግዛ ወይስ አንድሮይድ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ስልክ አይደለም። ስለ ራሱ ነው። ካፌ ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ፊቱን ደፍቶ የተገመጠችውን ፖም ያሳይ፣ ወይስ ከኪሱ ሳያወጣ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ፤ ጭንቀቱ ይኼው ነው። መካሪ ወዳጆቹም ያው ናቸው። አንዱ «ሰው ሁን እንጂ፣ አይፎን ያዝ» ይለዋል፣ ሌላው «ለብራንድ ነው ገንዘብህን የምትጥለው?» ይለዋል። ሁለቱም ስልኩ እዚህ አገር ምን እንደሚሠራ አይነግሩትም።

ጥያቄው በቁም ነገር ከተጠየቀ ግን መልስ አለው፣ ልሸሸውም አልፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር፣ ደመወዙን በብር የሚቀበል፣ ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ የሌለው ሰው አይፎን መግዛት የለበትም። ያገለገለ አይፎንማ ጭራሽ።

አይፎን መናኛ ዕቃ ነው እያልኩ አይደለም። በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ እስከ 2021 ድረስ አዲስ አዲሱ አይኦኤስ ሲደርሰው ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። በዚያው በ2015 ከገዛናቸው ርካሽ አንድሮይዶች ውስጥ እስከዚያ ድረስ ማሻሻያ ያገኘ ካለ እጄን አጨበጭባለሁ። ዕቃው ጥሩ ነው። ችግሩ የተሠራው ለሌላ ቦታ ኗሪ መሆኑ ነው።

ከመደብሩ እንጀምር። አፕል አፕ ስቶርን የከፈተው በ2008 ነው። በ2020 ላይ መደብሩን ለሃያ ተጨማሪ አገሮች ሲያዳርስ ሩዋንዳ ገባች፣ ዛምቢያ ገባች፤ ሌላው ቀርቶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ናውሩ የምትባል ከአንድ ቀበሌ የማትበልጥ ደሴት ገባች። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ታዲያ ይኼ ሁሉ የቦሌ አይፎን እንዴት ነው አፕ የሚጭነው? የሞባይል ቤቱ ልጅ ይከፍትልሃላ። «አፕል አይዲ እንከፍታለን» የሚል ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፏል። የአሜሪካ አድራሻ ከየትም አምጥቶ ይሞላል፣ የልደት ቀን ይፈጥራል፣ ብዙ ጊዜ ኢሜይሉም የራሱ ነው። አንተ ትከፍላለህ፣ አመስግነህ ትወጣለህ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከ2013 ጀምሮ አይፎን ከተከፈተበት አካውንት ጋር ይቆለፋል። ስልኩ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነህ?» ነው፣ መልሱ ደግሞ ያ ኢሜይልና ያ የይለፍ ቃል ናቸው። የይለፍ ቃሉ ከጠፋብህ መልሶ ማግኛው የሚሄደው ወደ ልጁ ኢሜይል ነው። ልጁ ሱቁን ቢዘጋስ? አገር ቢለቅስ? ከልጁ ጋር ብትጣሉስ? የብዙ ወር ደመወዝ የፈሰሰበት ዕቃ እጅህ ላይ መስታወት ሆኖ ይቀራል። ፎቶህም፣ የልጅህ የመጀመሪያ እርምጃም እዚያው ውስጥ ነው። ዕቃው ያንተ ነው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው።

«እኔ ከአሜሪካ ነው የተላከልኝ» የሚል አለ። ዘመድ በፍቅር ይልካል፣ እሱን አልነካም። ግን ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። እኛ ደግሞ ሲም ነቅለን ሲም የምንሰካ፣ አንዱን ኪስ ለቴሌ ሌላውን ለሳፋሪኮም የሰጠን፣ ባትሪ ሲያልቅ ሲማችንን ጓደኛችን ስልክ ውስጥ ከተን የምንደውል ሰዎች ነን። በወር ክፍያ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ከዚያው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «አንሎክ» ፍለጋ መዞር ይጀመራል።

ቀጥሎ ማከማቻው አለ። አፕል በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ነው፤ ጉግል 15 ይሰጣል። 5 ጊጋባይት የአንድ ሠርግ ቪዲዮ አይችልም። «ሞልቷል፣ ክፈል» ይልሃል፤ ምን በሚሉት ካርድ? ዋሽንግተን ያለ የአክስት ልጅ በየወሩ ዶላር እንዲከፍልልህ ትለምናለህ። ጥቂት ዶላር ናት፣ እሱም አይልህም፤ አንተ ግን ፎቶህን ለማስቀመጥ የሰው ጥገኛ ሆነሃል።

የአረንጓዴና የሰማያዊ መልእክት ነገርስ? ይኼ የአሜሪካ ወጣቶች ጠብ ነው። ከአይፎን ወደ አይፎን የሄደ መልእክት ሰማያዊ፣ ወደ አንድሮይድ የሄደው አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ይናቃል። በመጋቢት 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን ሲከስ ይኼንኑ አንስቶበታል። እኛ እርስ በርስ የምንጻጻፈው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም ስልክህ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ዓረብ አገር ያለችው እህትም ቤተሰቧን የምታገኘው በኢሞ ነው። የሌላ ሰፈር ንቀት አስመጥተን እዚህ መቸርቸራችን ይገርመኛል።

አንድሮይድን አሁን ዝም ብዬ ላሞግስ አይደለም። ጉግልም ቢሆን ከ2015 ወዲህ ስልኩን ከአካውንቱ ጋር ይቆልፋል፣ ሞባይል ቤቱም ጂሜይል ይከፍትልሃል። ልዩነቱ ጂሜይልን ራስህ፣ በገዛ ስምህ፣ በዚሁ በ09 ቁጥርህ መክፈት መቻልህ ነው፤ የሌላ አገር ሰው መምሰል አይጠበቅብህም። አለመክፈትህ ስንፍና ብቻ ነው።

የባሰው የአንድሮይድ ጉድ ሌላ ነው። «አንድሮይድ» ማለት አንድ ስልክ አይደለም። ማሻሻያ ደርሶት የማያውቅ ርካሽ ስልክም አንድሮይድ ነው። ቴሌብር ከመጣበት ከ2021 ወዲህ ስልካችን ቦርሳችን ሆኗል፤ የባንኩ አፕ፣ የዕቁቡ ገንዘብ፣ የቤት ኪራዩ እዚያ ነው። ይኼንን ሁሉ ተሸክሞ የመጨረሻ የደህንነት ማሻሻያው ከሦስት ዓመት በፊት የሆነ ስልክ በር እንደሌለው ሱቅ ነው። በዚያ ላይ በቴሌግራም የመጣ ኤፒኬ ሁሉ ይጫንበታል፣ «ነፃ ነው» ስለተባለ ብቻ። አይፎን በዚህ በኩል ይሻላል፣ አይካድም።

ስለዚህ ሻጩን ስለ ካሜራው ከመጠየቅ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የደህንነት ማሻሻያውን ቀን ማየት ነው። ከዚያ ለስንት ዓመት ቃል እንደተገባለት ማጣራት። ሳምሰንግ በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤ16፣ ውድ ላልሆነው ስልኩ፣ የስድስት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ ውዶቹ ኤስ24ቶች ሰባት ዓመት አላቸው። ሻጩ ይኼን አይነግርህም፣ የሚያውቀውም ጥቂቱ ነው። እሱ ሜጋፒክስል ነው የሚቆጥርልህ።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይቀራል፤ «አይፎን ሲሸጥ ዋጋ ይይዛል።» እውነት ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100ን ሲያልፍ፣ አይፎን የያዘ ሰው ወርቅ እንደያዘ ተሰምቶት ነበር። ግን ቁጠባን በእጅ ይዞ ታክሲ መጋፋት ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ዋጋ መያዙን ሌባውም ያውቃል። መቆለፉ አያስቆመውም፤ ስክሪኑና ባትሪው ለየብቻ ይሸጣሉ።

ውጭ ላላችሁት ደግሞ፦ ለእናታችሁ ስልክ ስትልኩ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ማሻሻያው ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው አንድሮይድ ላኩ። አሮጌ አይፎናችሁን በራሳችሁ አካውንት እንደተከፈተ አትላኩባቸው። አካውንቱን በእሳቸው ስምና በእሳቸው ቁጥር፣ በቪዲዮ እየተያያችሁ ክፈቱላቸው፤ የይለፍ ቃሉንም በእጃቸው ደብተር ላይ ይጻፉት።